የሦስተኛው ረድፍ እንቁላሎች

«እንቁላል አንሸጥም ብያለሁ! ለፋሲካም ቢሆን አንሸጥም!»

የግቢው ሠራተኛ እትዬ እሙ የብረቱን በር በጠባቡ ከፍተው የሚናገሩት በአንድ ዓይናቸው ብቻ እያዩ ነበር። በሩ ላይ የቆመችው ሴት ነጠላዋን አስተካክላ ቦርሳዋን ከአንዱ ክንዷ ወደ ሌላው አዛወረች።

«እኔ እንኳ እንቁላል ፈልጌ አይደለም።»

«ጫጩትም የለም፣ ቄብም የለም። ይኼ እርባታ አይደለም፤ ስንቴ ልናገር?»

«እትዬ፣ የመጣሁት ስለሞቱት ሰውዬ ነው።»

«እሱን አትይኝም! ለቅሶው እኮ እዚህ አይደለም፣ እህቴ። ባለቤታቸው ቤት ነው፤ ከመድኃኔዓለም ወረድ ብለሽ ድንኳኑን ታዪዋለሽ።»

«ለቅሶም አይደለም። ከፖሊስ ነኝ። ኢንስፔክተር አልማዜ እባላለሁ።»

በሩ ወለል ብሎ ተከፈተ። «ውይ በሞትኩት! እርስዎ ኖት እንዴ? እኔ መለዮ ያደረገ ጎረምሳ ስጠብቅ!»

ቀራንዮ ውስጥ የዚህን ግቢ ያህል የታማ ግቢ የለም። በየሳምንቱ እንቁላል በትሪ በትሪ ይገባል፤ የዶሮ ድምፅ ግን ተሰምቶ አያውቅም። ሰፈሩ መቼም ያልገባውን ነገር ዝም ብሎ አያልፍም፤ አንዱ ለኬክ ቤት ነው ይላል፣ አንዱ ለጠንቋይ። እውነቱ ከሁለቱም ይርቃል። ዶክተር ኃይለመስቀልና የዩኒቨርሲቲ ጓደኛው ዶክተር ያደሳ ቪላውን ተከራይተው ትንሽ ቤተ ሙከራ ከፍተውበታል። በየቤቱ ቢያንስ አንዲት አክስት የምትውጠው ሜትፎርሚን የተባለ የስኳር መድኃኒት፣ አዲስ የደም ስር ሲበቅል ምን እንደሚያደርግ ያጠናሉ። ያጠኑ ነበር ማለት ይሻላል፤ ሰኞ ጠዋት ዶክተር ኃይለመስቀል ጠረጴዛው ላይ እንደተደፋ ተገኝቷልና።

የአምቡላንሱ ነርስ ጣቱን ወግቶ ስኳሩን ሲለካ መሣሪያው ቁጥር እንኳ አላወጣም፤ «ከልክ በታች» ብሎ ዝም አለ። ሰውየውም ሆስፒታል ሳይደርስ ዝም አለ።

ሟቹ ሁዳዴን እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ሳይቀምስ የሚጾም ሰው ስለነበር ለቀስተኛው ሁሉ «ጾሙን አከረረው» ብሎ ደመደመ። ሐኪሞቹ ግን አልተዋጠላቸውም። «ጾም ያደክማል እንጂ ጤነኛን ሰው እንዲህ አይጥልም። ስኳር የሚያወርድ መድኃኒት ሰውነቱ ውስጥ ገብቷል» ብለው ደሙን ለምርመራ ላኩ። ፖሊስ ደግሞ ማክሰኞ ጠዋት አልማዜን ላከልን።

ሳጅን ጉዲሳ ቀድሟት ገብቶ በረንዳው ላይ ጠበቃት። ፊቱ ሥራውን ጨርሶ ፊርማ ብቻ የቀረው ሰው ፊት ነበር።

«ልጅቷ ናት፣ ኢንስፔክተር። ሄቨን የምትባለው ረዳታቸው። የመድኃኒቱ ቁም ሣጥን ቁልፍ አላት፤ ጠዋት ጠዋት የሚጠጡትን ጸበል የምታቀርበው እሷ ናት፤ ቅዳሜ ደግሞ ከሟች ጋር ተጋጭታ ስታለቅስ ባለቤታቸው አይታታለች። ዛሬውኑ ጣቢያ ላስገባት ነው።»

«ማስገባቱማ ምን አለው፣ ጉዲሳ። ተሳስተን ከሆነ መልሰን ስናወጣት ስሟን አብረን ማውጣት አንችልም። እስኪ መጀመሪያ ላናግራት።»

ሄቨን ነጭ ካፖርቷን ለብሳ፣ ዓይኗ በርበሬ መስሎ፣ ፍሪጅ ከሚያህል ሣጥን አጠገብ ቆማ ነበር። ገና ሠላሳ ያልሞላት ልጅ ናት።

«እኔን ሊወስዱኝ ነው አይደል?»

«ማን አለሽ?»

«ሳጅኑ በዓይኑ ነገረኝ።» አፍንጫዋን ጠረገች። «እናቴ አስኮ ቁጭ ብላ ስልኬን ትጠብቃለች። ሄቨን ታሰረች ከተባለ ነገ ብፈታም ለሰፈሩ እንደታሰርኩ ነው የምኖረው። የሁለት ዓመት ሥራዬም አብሮ ይቀበራል፤ የነፍሰ ገዳይ ቆጠራ ማን ያምናል?»

አልማዜ ወንበር ስባ ተቀመጠች። «በይ ስለ ቆጠራው ንገሪኝ። እኔ ከትምህርት ቤት የተለያየሁት ድሮ ነው፤ ቀስ ብለሽ።»

ልጅቷ የሣጥኑን በር ከፈተች። ውስጡ ይሞቃል። በሦስት ረድፍ የተደረደሩት እንቁላሎች ቅርፊት ላይ ትንንሽ መስኮት ተቆርጦ በግልጽ ፕላስተር ተሸፍኗል። አንዱን አውጥታ መብራት ስታበራበት አልማዜ «በስመ አብ!» አለች። ከቅርፊቱ ሥር እንደ ቀይ ክር የቀጠኑ ደም ስሮች ተሰራጭተው፣ ተቀጣጥለው፣ እንደ ዋርካ ቅርንጫፍ ተዘርግተዋል።

«ይኼ የመጀመሪያው ረድፍ ነው፤ መድኃኒት አልነካውም» አለች ሄቨን። «ሕዋሶች ደም ሲያጥራቸው ‹ድረሱልን› የሚል መልእክት ይለቃሉ። የደም ስር ግድግዳ የሆኑት ሕዋሶች ያን ሲሰሙ ከግድግዳው ወጥተው፣ እየተሳቡ፣ እየተባዙ አዲስ ቱቦ ይሠራሉ። ሁለተኛው ረድፍ ሜትፎርሚን ያገኘው ነው፤ ይኸው።»

ክሮቹ ሳስተዋል። ቅርንጫፉ ተመልምሏል።

«ምን አድርጓቸው ነው?»

«እቤትዎ የካርድ ቆጣሪ አለ አይደል? ሂሳቡ ሊያልቅ ሲል ይጮሃል።»

«እንዴት አድርጎ! ሰው አያስተኛም።»

«ሕዋስም ውስጥ እንደዚያ ያለ የኃይል ቆጣሪ አለ። ሜትፎርሚን እሱን ያስጮኸዋል። ሕዋሱም ‹ኃይል እያለቀ ነው፣ ቁጠባ› ብሎ ግንባታውን ያቆማል። መባዛቱም መሳቡም ይቀንሳል። ዶክተር ኃይለመስቀል ይህን በእንቁላሎቻችን ላይ ደጋግሞ ስላየው ነው ውጭ አገር ጉባኤ ላይ እንዲያቀርብ የተጠራው።»

አልማዜ ቦርሳዋን ነካ አደረገች። «እኔም እሱኑ ነው የምውጠው። ደም ስሬን እየመለመለብኝ ነው በይኛ!»

ሄቨን ከሁለት ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች። «አይስጉ። እንቁላልና ሰው አንድ አይደለም። ደግሞም እንደ ቦታው ነው፤ አላግባብ የበቀለውን ሲያረጋጋ የታየበት አለ፣ ደም የተጠማ ቦታ ላይ ደግሞ ሲያግዝ የታየበት አለ። ሐኪምዎ ሳያዝ እንዳያቆሙ።»

«ሦስተኛው ረድፍስ?»

ፈገግታው ጠፋ። ልጅቷ የሣጥኑን በር ልትዘጋ እጇን ስትሰድ አልማዜ በመዳፏ ያዘችው።

«ሄቨን፣ እኔ ሳልሆን ሳጅኑ ቢጠይቅሽ ይሻልሻል?»

«ሦስተኛው…» በሩን ለቀቀች። «ግሊቤንክላማይድ ነው። እሱም ስኳር ያወርዳል፤ መንገዱ ግን ሌላ ነው፤ ከጨጓራ ሥር ካለው ቆሽት ኢንሱሊን ያስወጣል። ለማነጻጸሪያ ነው የያዝነው። እስካሁን በሠራነው ሁሉ እንቁላሎቹ የመጀመሪያውን ረድፍ ነው የሚመስሉት። በዚህ ዙር ግን… ይዩት።»

ክሮቹ እንደ ሁለተኛው ረድፍ ሳስተው ነበር።

«ቅዳሜ ለዶክተር አሳየሁት። ‹ጠርሙስ አምታተሽ ነው› አለኝ። አላምታታሁም። አለቀስኩ። እሱም ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ ‹እንደገና እንሠራዋለን› ሲለኝ ባለቤቱ ገባች።»

ወይዘሮ ምህረት ከድንኳኑ ጀርባ ባለች ክፍል ውስጥ፣ ጥቁር በጥቁር ሆና፣ እንባዋንና ንዴቷን እያፈራረቀች ተቀበለቻት።

«እኔ ባሌን ለሞት አይደለም ያጣሁት፤ ቀድሞ ነው ያጣሁት። ጠዋት እንቁላል፣ ማታ እንቁላል! አንድ ቀን እንኳ ፊቴን እንደዚያ አቅርቦ መብራት አብርቶ አላየውም። ያቺ ልጅ ግን ከጎኑ አትጠፋም።»

«ቅዳሜ ምን አዩ?»

«ትከሻዋን አቅፏል፣ እሷ ታለቅሳለች። ከዚህ በላይ ምን ልይ? ድግስ ተደግሶ ልጠራ?»

አልማዜ አልሳቀችም። «ሰሞኑን ጤናቸው እንዴት ነበር?»

«ሳምንቱን ሙሉ ጠዋት ጠዋት ላብ ያጠምቀኛል፣ እጄ ይንቀጠቀጣል ሲል ነበር። ጾሙን አላላ አልኩት፤ እምቢ አለ። እሁድ እቤት ዋለ፣ ደህና ነበር። ሰኞ ሥራ ገባ፤ በዚያው ቀረ።»

«ጠዋት ምንም አይቀምሱም?»

«ጸበል ብቻ። ለወገቡ ብዬ ከመድኃኔዓለም እምነት፣ ያን የተባረከ አመድ፣ አምጥቼለት፣ ግማሹን በትንሽ ጣሳ ቢሮው ወስዶ በጸበል እየበጠበጠ ይጠጣል። የቀረውን እኔ እጠጣለሁ።» ቀና አለች። «ምነው? እኔንም ጠረጠሩኝ?»

«እርስዎም ከዚያው ጠጥተው ደህና ነዎት። ይህ ለኔ ብዙ ነው፤ እግዚአብሔር ያጽናዎት።»

ዶክተር ያደሳ ቢሮው ከሟቹ ቢሮ ፊት ለፊት ነው። ግድግዳው በምስክር ወረቀት ተሸፍኗል፤ ቀለሙ ምን እንደሆነ እንኳ አይታይም። ሰውየው ረጋ ያለ፣ ጺሙን የተስተካከለ፣ እያንዳንዱን ቃል መዝኖ የሚያወጣ ነው።

«አብረን ተማርን፤ እኔ አንደኛ ወጣሁ፣ እሱ ወደ መሃል ግድም። አብረን ይህን ቤት ከፈትን። ጥሩ ሰው ነበር። ነፍሱን ይማር።»

«ለጉባኤው የተጠሩት ግን እሳቸው ናቸው አሉ።»

«ዕድል ነዋ።» ከንፈሩን አጣመመ። «ኢንስፔክተር፣ ሬሳ አይወቀስም፤ ግን እውነት ትፈልጊያለሽ። ያ ውጤት ባዶ ነው። ሜትፎርሚን በዚያ መጠን እንቁላል ላይ ምንም አያደርግም። ልጅቷ አለቃዋን ለማስደሰት የሌለ ነገር ትቆጥራለች። ስንት ጊዜ ነግሬዋለሁ! ሰው ሁሉ አጨበጨበለትና መስማት ተወ።»

«ይቅርታ ዶክተር፣ ድንቁርናዬን አይዩብኝ። ዱቄቶቹ ሁለቱም ነጭ ናቸው። አንዱ በሌላው ጠርሙስ ውስጥ ቢገባ እንቁላሎቹ ያሳብቁ ነበር?»

ያደሳ ትዕግሥት እንዳለው አስተማሪ ፈገግ አለ። «ምን ብለው? ሜትፎርሚን ብትጨምሪ፣ ዱቄት ወተት ብትጨምሪ ያው ነው። እንቁላል አያውቅም።»

አልማዜ አመስግናው ወጣች። በረንዳው ላይ ደርሳ ለጉዲሳ «ልጅቷን ዛሬ አትነካትም» አለችው። እሱም እንደ ተቀማ ልጅ አኮረፈ።

መድኃኒቷን የምትውጥበት ውሃ ፍለጋ ወጥ ቤት ስትገባ እትዬ እሙ ድስት ይፈትጋሉ። አልማዜ መደርደሪያውን ቃኘች። የስኳር ዕቃው ውስጥ ማንኪያ ተሰክቷል፤ ስኳሩ በእርጥብ ማንኪያ ተዝቆ ዙሪያው ተጋግሯል።

«እትዬ እሙ፣ እዚህ ቤት ስኳር የሚበላ ማን ነው?»

«በጾም ማን ይበላል? ዶክተር ይጾሙ ነበር፣ ሄቨን ሻይዋን ያለ ስኳር ነው፣ ዶክተር ያደሳ ውጭ ነው የሚጠጡት።»

«እርስዎስ?»

«እኔማ እስከ ዘጠኝ!»

«ታዲያ ይህን ማንኪያ ማን አረጠበው?»

ድስቱ ዝም አለ። እትዬ እሙ በሩን ገፋ አድርገው ዘጉት። «ለሰው አይናገሩብኝ። ለንስሐ አባቴም ገና አልነገርኩ። ሰኞ ጠዋት ራሴን ሲፈልጠኝ፣ ዶክተር ከሚጠጡት እምነት ሳላስፈቅድ ቆንጥሬ በጸበል ጠጣሁ። ቆየት ብሎ ላብ አጠመቀኝ፣ ጉልበቴ ከዳኝ፣ ዓይኔ ጨለመ። ስኳሩን አፌን ሞልቼ ቃምኩት፤ ለቀቀኝ። ሳልጠይቅ ስለወሰድኩ የተቆጣኝ መስሎኝ…»

«እንዴት እስካሁን ዝም ይላሉ?»

«በሁዳዴ፣ በጠዋቱ ስኳር ቃምኩ ልበል? የሰፈሩን አፍ አያውቁትም!»

«በእርስዎ ዝምታ እኮ አንዲት ልጅ ልትታሰር ነበር።»

እትዬ እሙ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። አልማዜም የሟቹን የእምነት ጣሳ ከቢሮው በጓንት አንስታ ለምርመራ ላከች።

አርብ ውጤቱ መጣ፤ ሁሉም በእንቁላሎቹ ክፍል ተሰበሰቡ። ወይዘሮ ምህረት ከሄቨን የራቀውን ወንበር መርጣ ተቀመጠች። ያደሳ እጁን አጣምሮ ቆመ። እትዬ እሙ በሩ ሥር ናቸው፤ ጉዲሳ ከጎናቸው። ሄቨን መሬት መሬት ታያለች።

«ዶክተር ኃይለመስቀልን የገደላቸው ግሊቤንክላማይድ ነው» አለች አልማዜ። «ደማቸው ውስጥ ተገኘ። የእምነት ጣሳው ውስጥም ተገኘ። ነጭ ዱቄት ንጹሕ ውሃ ውስጥ ቢጨመር ያስታውቃል፤ እምነት ግን ራሱ ዱቄት ነው፣ ውሃውን ያደፈርሰዋል፣ የሚጠጣውም ሰው በእምነት እንጂ በጥርጣሬ አያየውም። ድካሙም በጾም ይሳበባል። ተንኮሉ የተሸረበው ሰውየውን በቅርብ በሚያውቅ ሰው ነው።»

«እምነቱን ያመጣሁት እኔ ነኝ» አለች ምህረት በደረቁ።

«አዎ። ግን እቤት የቀረው ንጹሕ ነው፤ የቁም ሣጥኑ ቁልፍም የለዎትም። እትዬ እሙም የላቸውም፤ ይልቁንም ሳያውቁ ቀምሰውት ሊሞቱ ነበር። እግዜር አወጣቸው፤ እንዴት እንዳወጣቸው የኔና የእሳቸው ጉዳይ ነው።»

እትዬ እሙ ተነፈሱ።

«ቁልፉ ያለው ሦስት ሰው ጋ ነበር። አንዱ ሞተ። ሄቨንና ዶክተር ያደሳ ቀሩ።»

«ልጅቷ አምታታለች፤ አለቃዋም ብሏታል» አለ ያደሳ። «ጥፋቷ ሲታወቅባት—»

«ወደዚያው ልመጣ ነው።» አልማዜ ከጠረጴዛው ላይ ትንሿን የመስታወት ጠርሙስ አነሳች። «እዚህ ላይ የተጻፈው ግሊቤንክላማይድ ነው። ሄቨን፣ ይህ ዱቄት ውሃ ውስጥ ይሟሟል?»

«አይሟሟም። ለሱ ሌላ ፈሳሽ ነው የምንጠቀመው፤ በውሃ አዘጋጅተነው አናውቅም።»

አልማዜ በማንኪያ ጫፍ ዘግና ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ጨመረችና አማሰለች። ውሃው ትንሽ ደፈረሰ፣ ከዚያ እየጠራ ሄደ፤ ከሥሩ ለዓመል ያህል ብናኝ ቀረ።

«ሜትፎርሚን!» አለች ሄቨን እጇን አፏ ላይ አድርጋ። «እሱ ነው የሚሟሟው።»

«የምርመራው ወረቀትም እሱኑ ይላል። እንግዲህ እንዲህ ነው፦ ገዳዩ ከዚህ ጠርሙስ ብዙ ወሰደ። መስታወት ስለሆነ ጉድለቱ ያስታውቃል። ስለዚህ ከትልቁ የሜትፎርሚን ዕቃ ዝቆ ሞላበት። ሄቨን ሳታውቅ ከዚያው ጠርሙስ ለሦስተኛው ረድፍ ሰጠች፤ እንቁላሎቹም እውነቱን ተናገሩ። አንድም ጠርሙስ አላምታታችም።»

የሄቨን ትከሻ ከሰኞ ጀምሮ ተሸክሞት የነበረውን ነገር አወረደ።

«ታዲያ እሷ ሞልታው ቢሆንስ?» አለ ጉዲሳ፣ ተስፋው ሳይቆረጥ።

«ጉዲሳ፣ አንተ ብትሆን በሚናገር ሰው ፊት ትሰርቃለህ? ሄቨን እያንዳንዷን ደም ስር በእጇ ቆጥራለች። ሜትፎርሚን እንቁላሉን እንደሚለውጠው ከማንም በላይ ታምናለች። ሌላ ነጭ ዱቄት ትፈልግ ነበር እንጂ እሱን አትሞላም፤ ከሞላችም እንቁላሎቹን ራሷ ለአለቃዋ አታሳይም።» አልማዜ ዞረች። «ጠርሙሱን የሞላው ሰው እንቁላል አያውቅም ብሎ የሚያምን ሰው ነው። ሜትፎርሚን ከዱቄት ወተት አይለይም ያለኝ ሰው። ጓደኛው ያገኘው ነገር እውነት ሊሆን ይችላል ብሎ ለአንድ ቀን እንኳ ልቡ ያልፈቀደለት ሰው። ዶክተር ያደሳ፣ ቢያምኑት ኖሮ አይያዙም ነበር።»

ሁሉም ይክዳል ብሎ ጠበቀ። ያደሳ ግን የሰማው ሌላ ነገር ነበር።

«ሁሉም?» አለ። «በሦስተኛው ረድፍ ያሉት ሁሉም ሳስተዋል?»

ማንም ሳይከለክለው ወደ ሣጥኑ ሄደ። አንዱን እንቁላል አውጥቶ መብራት አበራበት። ሌላውን አወጣ። ቆጠረ፤ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ከዚያ ከመጀመሪያው ረድፍ አንዱን ከጎኑ ያዘና አነጻጸረ።

«እሷ ምን እንደምትሰጥ አታውቅም ነበር» አለ ለራሱ። «የቆጠረችውም እሷው ናት፤ እሱም አያውቅም ነበር። ከዚህ የበለጠ ንጹሕ ሙከራ የለም።» እንቁላሉን በቀስታ ወደ ቦታው መለሰ። «አንድ ጊዜ እንኳ ቢሳሳት ምን ነበረበት? ተምረን ከወጣን ጀምሮ እኔ አነባለሁ፣ እሱ ያገኛል። እኔ እደክማለሁ፣ እሱ ይጠራል። በእንቁላልም ልክ ይሁን?»

ምህረት ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ቆይታ፣ ከወንበሯ ሳትነሳ፣ «አንቺ ልጅ» አለች፣ «ቅዳሜ ለዚህ ነው ያለቀስሽው? ለእንቁላል?»

«ለእንቁላል፣ እትዬ።»

«አይ ኃይሌ! እኔ ደግሞ በሰው ቀንቼ።» ለቅሶዋ በዚህ ጊዜ ንዴት የሌለበት ነበር። ሄቨን ሄዳ ከአጠገቧ ተቀመጠች።

ጉዲሳ ካቴናውን ሲያወጣ ሄቨንን ላለማየት በጣም ተጠነቀቀ። ያደሳ እጁን ያለምንም ግፊያ ሰጠው። በሩ ጋ ሲደርስ ግን እግሩ ከበደው፤ ወደ ልጅቷ ዞረ።

«ሄቨን፣ ሥራውን ጨርሰሽ ማሳተምሽ አይቀርም።»

«አይቀርም።»

«ሦስተኛው ረድፍም ይገባበታል።»

«ይገባበታል።»

«ስሜስ… የሆነ ቦታ ላይ ይኖራል?»

ልጅቷ ቀና ብላ አየችው።

«‹የአሠራር ዘዴ› ከሚለው ሥር፣ ዶክተር። ጠርሙሱን ማን እንዳዘጋጀው መግለጽ ግዴታ ነው።»